ጎባጣው ሰደፍ

አናጢ ነኝ፤ ሴት አናጢ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ እግዜር ይቁጠረው። አባቴ ጌጃ ሰፈር ትቶልኝ ባለፈው ወርክሾፕ በር ላይ ሰው ይመጣል፣ አንገቱን ብቅ ያደርጋል፣ እጄ ላይ መጋዝ እያየ «አናጢው የለም እንዴ?» ይላል። «የአባቴን ነፍስ ይማር፤ አሁን እኔ ነኝ» እላለሁ። አንዳንዱ ይደነግጣል። አንዳንዱ ደግሞ «ወንድም የለሽም?» ብሎ ያርፈዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ አንዱን የወንበር እግር ትንሽ አሳጥሬ ብሰጠው ብዬ ያሰብኩበት ቀን ብዙ ነው። አድርጌው ግን አላውቅም፤ የአባቴ አጥንት ይወጋኛል።

ሽማግሌው የመጡ ቀንም ነገሩ እንደዚሁ ጀመረ። ጊዜው ሰፈራችን መፍረስ የጀመረበት ነው። ከልደታ ማርያም ወደ ታች ያሉት አሮጌ ቤቶች በየተራ እየፈረሱ፣ ቆርቆሮው፣ ማገሩና በሩ መንገድ ዳር እየተከመረ ይሸጥ ነበር። እኔም «ተነሺ» መባሌ አይቀርም እያልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ የሰው አልጋና ቁም ሣጥን እሠራለሁ። ሲፈጥረኝም ቁጡ ነኝ፤ ያን ሰሞን ግን ዝንብ ስታርፍብኝ እንኳ እሰድብ ነበር።

«አናጢው የለም?»

ቀና ስል ረጅም፣ ከሲታ ሽማግሌ ናቸው። ጋቢ ደርበዋል፤ ብብታቸው ሥር በማዳበሪያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘዋል።

«አለሁ አባባ። ምን ልታዘዝ?»

እኔን አዩ። ወደ ውስጥ አዩ። መልሰው እኔን አዩ። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ካላመኑኝ ጎረቤቶቹን ይጠይቁ፤ ከሠራሁት አልጋ ላይ እስካሁን የወደቀ ሰው የለም።»

ሳቅ አሉ። ደፉ ላይ ቁጭ ብለው ማዳበሪያውን ሲፈቱት፣ ጠመንጃ! መጋዜን ጥዬ ብድግ አልኩ።

«በስመ አብ! አባባ፣ ምን ሊያደርጉኝ ነው?»

«አትደንግጪ ልጄ፣ ባዶ ነው። ምንሽር ነው፤ የአባቴ ነው። ወረቀትም አለው።» ከደረት ኪሳቸው ፕላስቲክ የለበሰ የፈቃድ ወረቀት አውጥተው ዘረጉልኝ። እኔ ወረቀቱን ሳነብ እሳቸው ፊቴን ያነባሉ።

ብረቱ ንጹሕ ነበር፤ በዘይት ተወልውሎ ያብረቀርቃል። እንጨቱ ግን ያሳዝናል። ሰደፉ፣ ማለት ትከሻ ላይ ከሚያርፈው ጫፍ አንስቶ እስከ አፈሙዙ ሥር የሚሄደው አንድ ወጥ እንጨት፣ አንገቱ ላይ ለሁለት ተሰንጥቆ በሽቦና በጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ተጠፍንጓል።

«ይሄን እንጨት ቀይሪልኝ» አሉ።

«እኔ የምሠራው ሰው የሚተኛበትን ነው አባባ። የጠመንጃ ነገር አላውቅም።»

«ጠመንጃም ሰው ያስተኛል» አሉ ፊታቸውን ሳይፈቱ።

ልቆጣ አስቤ ሳቄ አመለጠኝ። «ለምን የጠመንጃ ሠሪ ጋ አይወስዱትም?» አልኳቸው።

«የማውቀው አንድ ነበር፤ ሞተ። አባትሽን ግን አውቀዋለሁ። የምጠብቀውን መጋዘን በር የሠራው እሱ ነው። በሩ ዛሬም ሲጢጥ አይልም።»

እዚያ ላይ ያዙኝ። አባቴን ላመሰገነልኝ ሰው እንቢ ማለት አልችልበትም፤ ይህን ድክመቴን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።

ነገሩን ዘርዝረው ነገሩኝ። አብነት አካባቢ ያለ የእህል መጋዘን ዘበኛ ናቸው። በራሳቸው ጠመንጃ ተቀጥረው አሥራ አራት ዓመት ጠብቀዋል። የሚኖሩትም እዚያው፣ በሩ አጠገብ ባለችው አንዲት ክፍል ነው። አገራቸው ሰላሌ ነው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንድ ልጃቸው እዚያው ያርሳል፤ መሬቱ ግን ለእሱና ለልጆቹም አልበቃ ብሏል። አሁን ለመጋዘኑ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጥቷል፤ ወታደር የነበረ ሰው። ሦስቱን ዘበኞች አሰልፎ ሲያይ የሳቸው ጠመንጃ ላይ ቆመ። «ጠመንጃው በሽቦ የታሰረ ዘበኛ ለሌባ መሳቂያ ነው» አለ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ የድንጋይ ካባ ውስጥ፣ ከወረዳው አስፈቅዶ፣ አንድ አንድ ጥይት ሊያስተኩሳቸው ነው። መተኮስ የማይችል ክፍሉን ያስረክባል።

«ከዚያች ክፍል ከወጣሁ የምገባበት የለኝም» አሉ። እንደ ቀልድ ነው ያሉት፤ እጃቸው ግን የጋቢያቸውን ጫፍ ጨምድዶ ይዟል።

«እሺ» አልኩ። «ግን ጠመንጃው እዚህ አያድርም። ጠዋት ይዘውት ይመጣሉ፣ ማታ ይዘውት ይሄዳሉ። በኋላ ፖሊስ ቢመጣ እኔ አላውቅዎትም!»

«እኔም አላውቅሽም» አሉ።

እንጨት መምረጥ ላይ ገና በመጀመሪያው ቀን ተጣላን። እሳቸው ወይራ አሉ፤ የድሮው ወይራ ስለነበረ። እኔ ዋንዛ አልኩ። አባቴ «ዋንዛ ይታዘዛል፣ ወይራ ይከራከራል» ይል ነበር። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ መሮ ይበላል። ዋንዛ ቀላል ነው፣ በቶሎ አይሰነጠቅም፣ ብረቱንም እንደ ልጅ እቅፍ ያደርገዋል።

«ዋንዛ የሴት እንጨት ነው» አሉ ሽማግሌው።

«ሠሪዋስ ማን ሆነና?»

ዋንዛ ሆነ።

አለካኩን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። የሞተው ጠመንጃ ሠሪ እንዲህ ነበር የሚለካው ብለው ክንዳቸውን አጠፉ፤ ከክርናቸው እጥፋት እስከ ሌባ ጣታቸው ያለው ርቀት ከትከሻ እስከ ምላጭ ካለው ርቀት ጋር እኩል መሆን አለበት። ለካሁ። ክንዳቸው ረጅም ነው፤ የድሮው ሰደፍ ለሳቸው አራት ጣት ያጥር ነበር። ለአባታቸው የተሠራ ነው፤ አባታቸው አጭር ሰው ነበሩ አሉ።

አምስት ቀን ሠራሁ። እሳቸው ጠዋት ከጥበቃ ወጥተው ይመጣሉ፣ አጭሯ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንዴ ያንቀላፋሉ፣ አንዴ «ቀስ፣ ቀስ» ይሉኛል። «አባባ፣ እኔ እርስዎን እንዴት ዘብ እንደሚቆሙ አስተምሬዎታለሁ?» ስላቸው ደግሞ ይስቃሉ። በስድስተኛው ቀን ሰደፉ አለቀ። ብረቱን አስገጥሜ፣ ብሎኖቹን አጥብቄ ሰጠኋቸው። ማማሩን እኔ ብናገር ደግ አይደለም፤ ግን ያምር ነበር።

ትከሻቸው ላይ አድርገው ግድግዳው ላይ ያለች ምስማር አነጣጠሩ። ጉንጫቸውን እንጨቱ ላይ አሳርፈው እንደ መቆየት አንገታቸውን አሻግረው ወደ ወዲያኛው ጎን ወሰዱት። መለሱት። ደግመው እንደ ዶሮ አጣመሙት።

«ጠማማ ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«እንጨቱ። ወደ ቀኝ ሄዷል።»

ደሜ ፈላ። ክር አምጥቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጠርኩበት። ክሩ መሃል ለመሃል ሄደ፤ ፀጉር አይገባበትም። «ይኸው! ክር አይዋሽም!» አልኩ።

«ክሩም ጠማማ ነው» አሉ።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው ምላሴ የቀደመኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና አባባ፣ ጠማማው እንጨቱ አይደለም!» አልኩና መሮዎቼን ከመሬት ልሰበስብ በቀኛቸው በኩል ዞርኩ። እሳቸው ደግሞ በዚያው ቅጽበት ጠመንጃውን አዙረው ሊያወርዱት ሲሉ ሰደፉ ትከሻዬን በኃይል መታኝ። ጮህኩ። ጩኸቴን ሰምተው ነው የዞሩት። እዚያ መቆሜን ጨርሶ አላዩም ነበር።

ሕመሙን ረስቼ ፊታቸውን አየሁ። ቀኝ ዓይናቸው ብሌኑ ላይ ነጭ ዳመና ነገር አለው። ስድስት ቀን አጠገቤ ተቀምጠው አላስተዋልኩትም፤ ለካ ሁልጊዜ በርጩማዋን በኔ ቀኝ አድርገው፣ ግራ ጎናቸውን ሰጥተውኝ ነበር የሚቀመጡት። እጄን በቀኝ ዓይናቸው ፊት አወዛወዝኩ። አልተርገበገበም።

«አባባ፣ ይሄ ዓይንዎ ያያል?»

ጠመንጃውን ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ አስተኙት። «ብርሃን ያያል» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ጠዋት ጠዋት» አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የአባቴን እኩያ ጠማማ ብዬ ሰድቤ! ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «ተይው፣ እውነትሽን ነው» አሉ። ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሐኪም ቤት ሄደው «ቆይተዋል» ተብለው ተመልሰዋል። ለማንም አልተናገሩም፤ ለልጃቸውም፣ አብረዋቸው ለሚያድሩት ዘበኞችም።

«በግራ ትከሻዎ ቢይዙትስ?»

«ሃምሳ ዓመት በቀኝ የተኮሰ ሰው ዛሬ በግራ ቢያደርገው ያ ወታደር ለምን አይልም? እጄስ እሺ ይለኛል? እንጨቱ ወደ ግራ ዓይኔ ቢመጣልኝ ነው እንጂ።» ይህን ሲሉ አላዩኝም፤ ምስማሯን ነው የሚያዩት።

ያን ቀን አላልኳቸውም፣ እሺም እንቢም። ቤቴ ሄጄ ሳስብ ልቤ ተጨነቀ። አንድ ዓይን ያላቸው ሰው በጨለማ ጥይት ይዘው ይቆማሉ። ልጅ ቢመቱስ? ሽንቱን ሊሸና የወጣ ሰው ቢመቱስ? የኔ እጅ አለበት ማለት ነው። በማግስቱ ሲመጡ ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው፤ መሸፋፈን አልችልበትም።

አልተቆጡም። «ልጄ፣ በአሥራ አራት ዓመት ስንት ጊዜ የተኮስኩ ይመስልሻል?» አሉ።

«እንጃ።»

«አንድም ቀን! ዘበኛ የሚጠብቀው በሳል ነው። ኮሽ ሲል 'እህህ' እላለሁ፤ ሌባው ሽማግሌው ነቅቷል ብሎ ይሄዳል። ሳሉ ለሌባው ነው፤ ጠመንጃው ለጌቶቹ ነው። በልደታ እልሻለሁ፣ ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ጥይት አጉርሼው አላውቅም።»

ልቤ ሙሉ በሙሉ አረፈ ብል ውሸት ነው። ግን አመንኳቸው፤ ክፍላቸውንም አሰብኩ፤ ደግሞም ላልዋሽ፣ ሥራው ራሱ አጓጓኝ። የሰደፉ ጫፍ ቀኝ ትከሻ ላይ አርፎ፣ አፈሙዙ ግን ከግራ ዓይን ፊት እንዲሄድ ማድረግ! አባቴ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አልሠራም።

ችግሩ እንጨቱ ነው። ከቀጥ ያለ ጣውላ ጎባጣ ነገር ብትቀርጽ የእንጨቱ ጅማት መሃል ላይ ይቆረጣል፤ ገና ስትተኩስበት አንገቱ ላይ ቀንጠስ ይላል። ይህን ሳስረዳቸው ሽማግሌው እንደ ሕፃን አዩኝ።

«እርፍ ከጣውላ ይሠራል እንዴ?» አሉ። «ማረሻ የሚያውቅ ሰው እንጨት አያጎብጥም። ዛፉ ራሱ ጎብጦ የበቀለውን ይፈልጋል።»

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። እንጨት ለኔ ተሰንጥቆ፣ ተልጎ፣ በቁመት ተደርድሮ የሚመጣ ነገር ነው። ጎባጣውን እናስወግዳለን እንጂ አንፈልግም። ወርክሾፑን ዘግቼ አብረን ወጣን፤ የፈረሱትን ቤቶች ክምር እያየን ከጌጃ ሰፈር እስከ ልደታ ማርያም ዞርን። እኔ ልማድ ሆኖብኝ ቀጥ ያለው ላይ ዓይኔ ሲያርፍ እሳቸው ክምሩን በእግራቸው እየገፉ ጠማማ ጠማማውን ያገላብጣሉ። በአንድ ዓይናቸው እኔ በሁለቱ ያላየሁትን አዩ። ከአንድ አሮጌ ቤት በረንዳ የወጣ፣ ጣራ ደግፎ የኖረ፣ ከጭስ ብዛት የጠቆረ እንጨት ሳቡ። ቀጥ ብሎ መጥቶ መጨረሻው ላይ ልክ እንደ ክንድ ዕጥፍ ይላል።

«ይሄ» አሉ።

«ይሄ ጠማማ ለማገዶ ነው፣ ማዘር» አለኝ ሻጩ።

በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አየሁት። ከጥቁሩ ሥር ያለውን ቀለምና ክብደቱን ሳይ ገባኝ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው እያማተቡ ነው፤ ግን ይስቃሉ።

«ወይራ ነው አይደል?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ! ዋንዛ መስሎኝ» አሉ። አቤት፣ ሽማግሌ ሲያሾፍ!

ወይራው እንደ ወይራነቱ ተከራከረኝ። ሁለት መሮ አዶለዶመብኝ፤ እጄ ውሃ ቋጠረ። ብረቱን እንጨቱ ውስጥ ለማስቀመጥ የኩራዝ ጥላሸት እየቀባን እናሳርፈዋለን፤ ስናነሳው ጥቁር የነካው ቦታ ገና ያልተፋቀ ነው፣ እፍቃለሁ። እንደገና እንቀባለን፣ እንደገና እፍቃለሁ። ማታ ማታ የሁለታችንም ፊት የከሰል ነጋዴ ይመስላል። አስቸጋሪው ግን ልኩ ነበር። እሳቸው ሁለቱንም ዓይን ጨፍነው ጠመንጃውን ትከሻቸው ላይ ያደርጋሉ፤ «ይክፈቱ» ስላቸው ግራ ዓይናቸውን ይከፍታሉ፤ የት እንዳረፈ ይነግሩኛል። «ትንሽ ወደ ውስጥ»፣ «አሁን በዛ»፣ «ጉንጬን ይጫነኛል»። ክንዳቸውን ለካሁ፣ አንገታቸውን ለካሁ፣ ከጉንጫቸው አጥንት እስከ ዓይናቸው ለካሁ። እንዲህ አድርጌ የለካሁት ሰው የለም፤ የወለድኳቸውንም ልጆች ቢሆን።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ቀን ሲቀረን፣ «ይክፈቱ» አልኳቸው። ከፈቱ። አንገታቸው ቀጥ እንዳለ ነው።

«ምን ሆኑ?»

«መጡ» አሉ። «የማነጣጠሪያው የፊቱ ጉጥና የኋላው ስንጥቅ። ተገናኙ። ምስማሯም አለች።» ጠመንጃውን ሲያወርዱት በሁለቱም ዓይናቸው እንባ ወርዷል፤ የማያየውም ዓይን ያለቅሳል ለካ።

እኔም ኮራሁ። ሰደፉን በጎን ብታየው ደህና ሰደፍ ነው፤ ጉብጠቱ የሚታወቀው ከላይ ቁልቁል ካዩት ብቻ ነው። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ዘይት አጠጥቼው፣ ቆሜ አየሁት፤ አባቴ በሕይወት ኖሮ ባየልኝ አልኩ። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። «አባባ፣ ሌላ ሰው አንስቶ ቢያነጣጥርበትስ?» አልኳቸው።

ጭራሽ የማይሆን ነገር የጠየቅኩ ይመስል ሳቁብኝ። «የሰው ጠመንጃ? በኛ አገር የሰው ጠመንጃ ትከሻህ ላይ አታደርግም። ነውር ነው። ባለቤቱ በሕይወት እያለ ልጁም አያደርገው።»

እኔም የከተማ ልጅ፣ የአገር ሕግ መሰለኝና አመንኩ።

ቅዳሜ ሥራ አልያዘልኝም። እሑድም ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሐሳቤ ካባው ውስጥ ነበር። ሰኞ ጠዋት መጡ።

«አለፉ?» ብዬ ጮህኩ፣ ገና ሳይቀመጡ።

«መታሁት» አሉ።

እልል ልል ስል እጃቸውን አነሱ። በርጩማዋ ላይ ተቀመጡና እንዲህ ብለው ነገሩኝ፦

«ሦስት የቲማቲም ጣሳ ድንጋይ ላይ ደረደረ። የመጀመሪያው ጓደኛችን ተኮሰ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል አረገፈ። ሁለተኛው ሰማዩን መታ። ሰውዬው ሳቀባቸው። እኔ ተነሣሁ። ትከሻዬ ላይ ሳደርገው እንዳንቺ ቤት ሁለቱ ተገናኙ፤ ሳብኩት። ጣሳው ከዚያ እዚያ ተፈናጠረ! ሰውዬው አጨበጨበልኝ። 'ሽማግሌው አሳፈሯችሁ እኮ' አላቸው። እኔም ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ደረቴ ተነፋ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ 'እስቲ ይሄን ምንሽር ልየው' ብሎ ከእጄ ወሰደው።»

ጣውላው ክምር ላይ ተቀመጥኩ። «አልከለከሉትም?»

«አለቃዬ ነው፣ እንዴት እከለክለዋለሁ? የኛ አገር ሰው ቢሆን እጁን አይሰድም ነበር። እሱ ምን ያውቃል? ትከሻው ላይ አደረገው፤ ቀኝ ዓይኑን አስጠጋ። ምንም የለም። ደገመ። ከላይ ቁልቁል አየው፣ ገልብጦ አየው። ወታደር አይደል? ገባው። ምንም ሳይናገር መጥቶ ግራ ዓይኔን በመዳፉ ከደነውና 'ስንት ጣት ነው?' አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«'ሁለት' አልኩት፣ በግምት። ጓደኞቼ ኋላ ሲነግሩኝ፣ ለካ ቡጢ ጨብጦ ኖሯል።»

ሰውዬው አልተቆጣም አሉ። ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም አዝኖ ነበር። «አባቴ፣ ለዚህ ተኩስዎ እሸልምዎት ነበር፤ ግን በሌሊት በአንድ ዓይን መጋዘን አላስጠብቅም» ብሏቸው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍሉ ውስጥ እንዲቆዩ ፈቀደ።

«ሁለቱስ?» አልኩ። «የሳቱት?»

«እነሱማ ዓይናቸው ደህና ነው። 'ተለማመዱ' አላቸው።»

እዚህ ላይ ነው የፈነዳሁት። «እኔ ነኝ ያስባረርኩዎት!» አልኩ። «እኔ ነኝ! ያንን ቀጥ ያለውን ይዘው ቢሄዱ እንደ ሰዎቹ ስተው፣ ተስቆብዎት፣ በርዎ ላይ ተቀምጠው ይቀሩ ነበር!» መዶሻውን ወረወርኩት። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ በሰውዬው፣ በራሴ፣ በወይራው። እውነት ነው ግን። ትንሽ አበላሽቼ ብሠራው ኖሮ ያ ጣሳ ተቀምጦ ይቀር ነበር። እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

«ተይ እንጂ!» አሉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው እንዳይነቃብኝ ስፈራ ኖሬ ያን ቀን የፈለግሁትን መታሁ። እሱንስ አትቁጠሪውም?» ከዚያ ማዳበሪያውን ፈተው ጠመንጃውን እንጨት ጠርንፎ የሚይዘው ሞርሳ አጠገብ አስቀመጡት። «አሁን እንጨቱን ፍቺልኝ።»

«ለምን?»

«ልጄ ሊወስደኝ ከሰላሌ ይመጣል። ብረቱ የአባቴ ነው፣ ለሱ ይሄዳል፤ ወረቀቱንም አዙሬለት እሄዳለሁ።»

«ታዲያ ለሱ ልክ ቀጥ ያለ ልሥራለት።»

«አይ፣ እሱ የራሱን ይፈልግ። እንጨቱን ግን እኔ እወስደዋለሁ።»

«ምን ያደርግልዎታል አባባ? ያለ ብረቱ እኮ ማገዶ ነው!»

መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሰደፉን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ጉንጫቸው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ይሄ ጋቢ ከለቅሶ ቤት የተሰጠኝ ነው» አሉ። «ኮቴ የድሮው አለቃዬ ወንድም ይለብሰው የነበረ ነው፤ እጅጌው ክርኔ ጋ ይቀራል። ጫማዬ ሁለት ቁጥር ይሰፋኛል፤ ጨርቅ ወትፌበት ነው የምሄደው። ጠመንጃውም እንኳ በአባቴ ልክ ነበር። ሰባ ዓመት ሙሉ በሰው ልክ ኖሬ፣ እኔን ለክቶ የሠራልኝ ሰው አንቺ ነሽ። ከእንግዲህ የሚለካኝ የሬሳ ሣጥን ሠሪ ነው፤ እሱም በግምት ነው የሚሠራው።» ብለው ሳቁ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ብሎኖቹን ፈታሁ፤ አንዷ ሁለቴ ወደቀችብኝ። ብረቱን በማዳበሪያው፣ ሰደፉን በንጹሕ ጨርቅ ለየብቻ ጠቀለልኩላቸው። ጉንጬን ስመው «የአባትሽን ነፍስ ይማር» አሉኝና ወጡ።

አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ክንዳቸውን፣ አንገታቸውን፣ የጉንጫቸውን አጥንት ስለካ እግራቸውን አንድ ቀን አላየሁም ነበር። ያን ዕለት በሩን ሲወጡ አየሁት። በእያንዳንዱ እርምጃ ጫማው ከተረከዛቸው ይወልቃል።